የአንድ ቀንዷ ፀጉር

ሰፈሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ፀጉር ለቃሚዋ» ነው የሚሏት። ዳቦ ልትገዛ ብቅ ስትል ባለሱቁ፣ «ዛሬስ ስንት ፍየል ላጭተሽ መጣሽ?» ይላታል። እሷም አፍ አታጣም። «ያንተን ራስ ለነገ ይዤዋለሁ፤ የሚለቀም ነገር መገኘቱን እንጃ እንጂ» ስትለው መላጣውን እያሻሸ ይስቃል። ቀልዱ ሁሌም ያው ነው፤ ሳቁም ያው። ይህ ሁሉ ግን የሞተችው ፍየል መመላለስ ከመጀመሯ በፊት ነው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ ትወጣለች። የዱር ፍየሎች ሰውነታቸውን አሽተው ያለፉበትን ቁጥቋጦና የድንጋይ ጥግ አብጠርጥራ ታውቀዋለች። እሾህ ላይ የቀረውን ፀጉር በወረንጦ ነቅላ ትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ትከታለች፤ ቦታውንና ቀኑን ጀርባው ላይ ትጽፋለች፤ ወረንጦውን በክብሪት ነበልባል ለብለብ አድርጋ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። በባዶ እጅ ፀጉር መንካት ክልክል ነው። ፖስታ ላይ ማሳልና ማስነጠስ ክልክል ነው። ባዶዎቹን ፖስታዎች በተሰጣት ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ዘግቶ መያዝም ደንብ ነው።

እዚህኛው ላይ ግን የራሷን ዘዴ አበጅታለች። ተራራው ላይ ጭጋግ አይጠፋም፤ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ፖስታዎቹ እርጥበት እየሳቡ አፋቸው ይጣበቃል። ስለዚህ የማግስቱን ባዶ ፖስታዎች ማታውኑ በጃኬቷ የደረት ኪስ ውስጥ ከትታ ጃኬቱን በር አጠገብ ታንጠለጥለዋለች። ጠዋት ለብሳው ስትወጣ በሰውነቷ ሙቀት እንደደረቁ ይውላሉ። ማንም ይህን አድርጊ አላላትም፤ ማንም ሲያያት አልከለከላትም። ዝናብ የሚያውቅ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው።

በተቀጠረች ሰሞን የምርምር ጣቢያው ዶክተር አንዲት ፀጉር ማጉያ መነጽር ስር አድርጋ አሳይታታለች። ዶክተሯ በዕድሜ ብዙም አትበልጣትም፤ ስታስረዳ ግን እንደ ታላቅ እህት ነው።

«ጫፏ ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ አየሻት? ሥሯ ናት። እዚያች ውስጥ የፍየሏ ሙሉ ጽሑፍ አለ፤ ዲኤንኤ የምንለው። እናቷ ማን እንደሆነች፣ ከየትኛው ገደል እንደመጣች፣ አባትና እናቷ ዘመድ እንደሆኑ ሁሉ እናነብበታለን። አንዷንም ሳናባርር፣ አንዷንም ሳንይዝ።»

«ዘመዳሞች ሆነው ቢገኙስ ለማን ትከሷቸዋላችሁ?»

ዶክተሯ ከት ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገች። አውራ ጎዳናው ተራራውን ለሁለት ከከፈለው ወዲህ የወዲህኞቹ ፍየሎች ከወዲያኞቹ አይገናኙም። ያሉት ጥቂት ናቸው፤ እርስ በርስ እየተገናኙ ግልገሎቻቸው እየደከሙ፣ አንዳንዶቹም በቆሙበት እየወደቁ መጥተዋል። የሚወልዱት እናቶች አንሰው ከተገኙ ከሌላ አገር ተራራ ሴት ፍየሎች በመኪና ይመጣሉ። ካላነሱ ግን ነገሩ ይቆያል። ይህን የሚወስነው እሷ ከእሾህ ላይ የምትነቅለው ፀጉር ነው።

ወደዚህ ሥራ ያስገባት ታላቅ ወንድሟ ነው። ጋሼ ትለዋለች። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር። ያሳደጋት እሱ ነው፤ በሻካራ ጣቱ ፀጉሯን የጎነጎነላት፣ ጎረቤት «ወንድ ልጅ ሹሩባ ይሠራል እንዴ?» ሲለው «እስክታድግ ነው» ብሎ ያለፈ ሰው ነው። የተራራው ጥበቃ ሆኖ ፀጉሩ ሸብቷል። ቃሉ ጥቂት ነው። ያየውን አየሁ፣ ያላየውን አላየሁም ይላል፤ ጣቢያው ውስጥ ጋሼ ካለ አለ ነበር።

ከፍየሎቹ ሁሉ በዓይን የምትለየው አንዲት ነበረች፤ አንድ ቀንዷ። ግራ ቀንዷ ከሥሩ ተሰብሯል። ሰው አትፈራም። ከገደሉ አፋፍ ሆና ቁልቁል ስታይ በመስኮት ብቅ ብላ ሰው የምታማ ጎረቤት ትመስል ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ በዚያ በከፋው ብርድ ሞተች። ያገኛት ጋሼ ነው፤ ብቻውን ነበር። ውሻ እንዳይጎትታት፣ በሽታም እንዳይዛመት እንደ ደንቡ ድንጋይ ከምሮ ቀበራትና ወርዶ አመለከተ። ዝናቡ ሲመጣ ገደሉ ተንዶ ቦታውን ደፈነው። አንድ ቀንዷ ወሬ ሆና ቀረች።

ፀጉር ለቃሚዋም ያን ሰሞን ነበር የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለችው፤ ሚጣን። የልጅቷ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ላይ ነው የሚኖረው። ቤቱን የሞላላት ጋሼ ነበር። ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ ለሕፃን ትራስ የሚሆን ሱፍ፣ ሦስት ጥንድ ካልሲ፤ ሁሉንም በየተራ ተሸክሞ መጥቶ ምንም እንዳላመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ያፍር ነበር። በልጅቷ የመጀመሪያ ዓመት ማብቂያ ላይ ጣቢያው ሰው ሲፈልግ የእህቱን ነገር ያነሳውም እሱ ነው።

ሚጣ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ አስጠራቻት። ላቦራቶሪው ጠባብ ነው፤ ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፣ ከመስኮቱ ባሻገር ተራራው ግድግዳ ሆኖ ቆሟል።

«ተቀመጪ» አለቻት ዶክተሯ፤ ዓይኖቿ ያበራሉ። «አንድ ቀንዷ አልሞተችም።»

«የትኛዋ አንድ ቀንድ?»

«ስንት አሉን? ያቺው ናት እንጂ! ባለፈው ካመጣሻቸው ፖስታዎች በአንዱ ውስጥ ናት። በሕይወት ሳለች ከሰበሰብነው ፀጉሯ ጋር አስተያየሁት፤ ፊደል በፊደል አንድ ነው። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው።»

ጣቢያው በደስታ ቀለጠ። ኃላፊው ለስላሳ መጠጥ አስመጣ። የምትወልድ እናት ተጨመረች ማለት ነው፤ ከሌላ ተራራ ፍየል የማምጣቱ ነገር ይቆይ ተባለ። ጥበቃዎቹ ጋሼን ከበቡት።

«ጋሼ፣ መሞቷን ሳትነግራት ነው እንዴ የቀበርካት?»

«ነግሯታል ባክህ፤ ይግባኝ ጠይቃ ነው የወጣችው!»

ሁሉም በሳቅ ወደቀ። ጋሼ አልሳቀም። ብርጭቆውን ሳይቀምሰው መልሶ ሲያስቀምጥ ያየችው እህቱ ብቻ ናት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀንዷ መምጣቷን አላቆመችም። በሚቀጥለው ወር ውጤት ውስጥ ነበረች፤ በሚቀጥለውም። አንዴ ምንጩ አጠገብ፣ አንዴ ከዋሻው በላይ። በዓይኑ ያያት ግን አንድም ሰው የለም። ጥበቃዎቹ ተከፋፍለው ተራራውን አሰሱት፤ ባለ አንድ ቀንድ ፍየል የለችም። ሳቁ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ሰዎቹ ወደ ገደሉ በኩል ሲሄዱ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ።

ኃላፊው ጋሼን አስጠራው። የቢሮው በር ክፍት ስለነበር ግቢው ሁሉ ሰማ።

«ሞታ አየኋት ብለሃል። አይተሃታል ወይስ አላየሃትም?»

«በእጄ ነው የቀበርኳት።»

«ታዲያ ይቺ የማን ፀጉር ናት? መሣሪያው ይዋሻል? በዚያ ብርድ እሳት ዳር ቁጭ ብለህ ነው የቀበርካት እንዴ?»

ጋሼ የደንብ ልብሱን ቁልፍ አስተካከለ።

«እኔ አንተን አምኜ ነው ስንት ነገር የጻፍኩት። ይቺ ውሸት ከሆነች የቀረው ሁሉ ውሸት ነው። አስብበት። እውነቱን ካልነገርከኝ ልብሱን ታስረክባለህ።»

በዚያ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጋሼ እህቱ ቤት መጣ። ሚጣ ትራሷን በጥጉ እየጎተተች መጥታ ጭኑ ላይ ወጣች። እህቱ ያቀረበችለትን እራት አልነካም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ።

«እቱ፣ እስትንፋስ ነበራት ይሆን?»

«ማን?»

«ድንጋይ ስጭንባት ዓይኗ ክፍት ነበር። የሞተ ዓይን መስሎኝ ነው። ብርድ ያደነዘዘው እንስሳ እንዲያ ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሙቀት ሲያገኝ ይነቃል ይላሉ። ከሥር ሆና ስትሰማኝ ነበር ይሆን? ፈንቅላ ወጥታ ይሆን?»

«ጋሼ፣ ተው በፈጠረህ!»

«ማታ ማታ እዚያ እሄዳለሁ። ናዳው ላይ ጆሮዬን አደርጋለሁ። ድንጋዩ ከውስጥ ይንኳኳል።»

«ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል። አንተ ነህ ለኔ የነገርከኝ።»

«ነግሬሻለሁ» አለ። «እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው የምመለሰው።»

ሚጣ ከጭኑ ወርዳ ትራሷን አልጋው ላይ አጋደመችና ጆሮዋን ለጠፈችበት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «እሽሽ» አለቻቸው። «ተኝታለች።»

እናትዬው የልጅ ጨዋታ ነው ብላ አለፈችው።

የፈራችው ሁለት ነገር ነው፤ የጋሼ ልብስ መውለቅና የጋሼ አእምሮ መሄድ። የመጀመሪያውን ሰው ይችለዋል፤ ዘበኝነት የሚቀጥር ሞልቷል። ሁለተኛውን ማን ይመልሰዋል? ፊቱ በሳምንታት ውስጥ ተሸበሸበ። ሲያወሩት ወሬውን አቋርጦ ወደ ተራራው ጆሮውን ይቀስራል።

እሷም ብትሆን ተራራው ላይ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ሲውጠው ከኋላዋ ኮቴ ትሰማለች። ስትቆም ይቆማል። ስትሄድ ይሄዳል። ዞር ስትል ነጭ ጭጋግና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት እሾህ ላይ ፀጉር አየችና ወረንጦዋን አውጥታ ልትነቅለው ጎንበስ አለች። ከዚያች የተቀበረች ፍየል አንገት ላይ የምትነቅል መሰላት። «ምን አደረግንሽ?» አለች ጮክ ብላ። «ወንድሜን ተይልኝ።» ድምፅዋ ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው ይመስላል። ነቀለችው፤ ሥራ ነውና። ከደረት ኪሷ ፖስታ አውጥታ ከተተችው።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተሯ ጠራቻት። በዚህኛው ጊዜ ዓይኗ አላበራም። ኮምፒውተሩ ላይ የተራራውን ካርታ ከፍታ ነበር፤ ቀያይ ነጥቦች ተበትነውበታል።

«እነዚህ አንድ ቀንዷ የተገኘችባቸው ቦታዎች ናቸው። እስቲ እያቸው።»

አየቻቸው። መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ቀስ እያለ ግን የምታውቀው ነገር ሆኖ ታያት፤ መንገዷ ነው። የምትወጣበት አቀበት፣ የምታርፍበት ድንጋይ፣ የምትወርድበት ጠመዝማዛ። ቀዩ ነጥብ እግር በእግር ተከትሏታል።

«በሌሎች ቀናት የሚወጣው ሌላው ለቃሚ ካመጣው ውስጥ አንድም የለችም» አለች ዶክተሯ። «አንቺ በሄድሽበት ግን አለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአውራ ጎዳናው ወዲህም ወዲያም ታይታለች። የጎዳናውን አጥር ምን አሻገራት? ሌላም ነገር አለ። የአዲስ ፀጉር ጽሑፍ ረጅም ረጅም ሆኖ ነው የሚነበበው። የሷ ብጥስጥስ ያለ ነው፤ ዓመታት ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ነገር። መጀመሪያ ዝናቡ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ደስ ስላለኝ ነው ያለፍኩት። አሁን ግን ጨነቀኝ። ቤትሽ ውስጥ ፍየል አለሽ እንዴ?»

«የት ላስቀምጣት ዶክተር፣ አልጋ ላይ?»

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን ከሁለቱም ፊት ቶሎ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ሚጣ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ የተንጠለጠለውን ጃኬት ይዛለች፤ በሌላው ጣቷን የደረት ኪሱ ውስጥ ከትታለች።

«ሚጣ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኪስሽ በርዶታል» አለች ልጅቷ።

እናትዬው ቀረብ ብላ አየች። በልጅቷ ሁለት ጣቶች መካከል ትንሽ ብናኝ የመሰለች ግራጫ ሱፍ አለች። አልጋው ላይ ያለው ትራስ ጥግ ላይ ስፌቱ ተተርትሯል፤ የልጅ ጣት የምትገባበት ያህል። ስንት ማለዳ ነው ይቺ ልጅ ኪሷን ስታሞቅላት የኖረችው? ፖስታዎቹን አወጣች። የመጀመሪያውን አፉን ከፍታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ባዶ መሆን የነበረበት ፖስታ ሥር አንዲት ቀጭን ፀጉር ተጋድማለች።

ትራሱን አንስታ ስፌቱን በጥርሷ ቀደደችው። ያኔ ስትሰፋው የበግ ሱፍ ይሁን የሌላ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን ይህን ፀጉር ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ጫፉ ቡናማ፣ ወገቡ ግራጫ፣ ሥሩ ነጭ። ሦስት ዓመት ሙሉ የልጇ ጉንጭ ያረፈበት፣ የተሳመ፣ ትንፋሽ የጠገበ። አንድ ቀንዷ ገደል ውስጥ አልነበረችም። እዚሁ ነበረች፣ አልጋው ላይ፣ በአበባ ጨርቅ ተጠቅልላ።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ እሳት ነው። ምድጃው ውስጥ ብትከተው ሁሉም ያልቃል፤ አንድ ቀንዷ ዳግመኛ አትታይም፣ ሰዉም ቀስ እያለ ይረሳል። ከዚያ የጋሼ ጆሮ ታያት፣ ድንጋይ ላይ የተለጠፈው። እንደገና ደግሞ፣ ይቆይ የተባለውን መኪና አሰበች፤ ትራስ እንደ እናት ተቆጥሮ ያልመጡትን ፍየሎች። ሚጣን ጎረቤት አስቀምጣ ትራሱን ታቅፋ ወጣች።

ጋሼን ናዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ገና አንገቷን ቀና ሳታደርግ የያዘችውን አየ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«አወቅሽ» አለ።

«ንገረኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ? አንቺ ከወለድሽ ሳምንትሽ ነበር። ቤትሽ ይበርዳል። ልጅቷን ሳያት ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። በማግስቱ ይቺን አገኘኋት። አንገቷ ሥር ያለው ሱፍ... ነቀልኩ። ካፖርቴ ውስጥ ከተትኩት።» ድንጋይ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «በዚያው ሳምንት አንዲት አሮጊት አንድ እቅፍ ጭራሮ ይዛ ስትወርድ አግኝቻት አስጥያታለሁ። ‹ከተራራው ቅጠል አይወጣም፣ እናቴ› ብያታለሁ። እያለቀሰች ነው የወረደችው። ታዲያ እኔ ምን ልበል?»

አጠገቡ ተቀመጠች። ነፋሱ ከትራሱ ቀዳዳ ሱፍ እየመዘዘ ይወስዳል። ድንገት አንድ ነገር አሰበች።

«ጋሼ፣ ከአንገቷ ሥር ስትነቅል ምን አደረገች?»

«ምን ታደርጋለች?»

«ፀጉር ሲነቀል ያማል። ሹሩባ ስትሠራልኝ ጣሪያ እነካ ነበር። እሷ አልደነገጠችም? አልተንፈራገጠችም?»

«የምን መንፈራገጥ፣ አንገቷ እንደ እንጨት...» አቋረጠ። ዓይኑ ፈጠጠ። «አንገቷ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር። ላዞራት ብዬ በጉልበቴ ነው የገፋኋት። እንደ በረዶ ነበረች።»

«ታዲያ ሞታ ነበራ።»

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ የእናታቸው ቀን እንኳ እሷን ሲያባብል ነው የዋለው። ይህን ሁሉ ጊዜ የደበቀው ነገር ራሱ ምስክሩ ነበር፤ የነቀለው ሱፍ መሞቷን ያውቅ ነበር። እሱ ግን ሱፉን ለመርሳት ሲል ያን ቀን ከነእጁ ረስቶታል።

«እንግዲህ ውሸታም አይደለህም» አለችው።

«ሌባ ነኝ እንጂ።»

«ለኔ ስትል ነው።»

«ላንቺ ስል ብሰርቅም ሌባ ነኝ» አለና ተነሳ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ትራሷን ስጪኝ። አንቺ አይደለሽም የምትሸከሚያት።»

የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ አበባ ያለበትን የሕፃን ትራስ በብብቱ ሥር ይዞ በጣቢያው በር ሲገባ በረኛው አላስቻለውም። «ጋሼ፣ ዛሬስ በግልጽ ልትተኛ ነው የመጣኸው?» አለው። ጋሼ ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ከእንግዲህ የምተኛ ይመስለኛል» ብሎት አለፈ።

ትራሱን የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ዶክተሯም ተጠርታ መጣች። «ያላየሁትን አየሁ አላልኩም» አለ። «የማይነካውን ግን ነክቻለሁ።» የቀረውን እህቱ ተናገረች፤ ስለ ኪሱ፣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ልጅቷ ጣት። ኃላፊው አንዴ ትራሱን አንዴ ጋሼን ያያል። ዶክተሯ ግን ከተቀደደው ጥግ ትንሽ ሱፍ በወረንጦ አወጣችና ወደ ላቦራቶሪው ይዛው ሄደች።

ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም የሚያውቀውን ተናገረ። ፀጉር ለቃሚዋ ላቦራቶሪው ውስጥ ቆማ ነበር። ዶክተሯ ካርታውን ከፍታ ቀያዮቹን ነጥቦች አንድ በአንድ ታጠፋለች። ምንጩ አጠገብ ያለችው ጠፋች። ከዋሻው በላይ ያለችው ጠፋች። ለመጨረሻዋ ስትደርስ ጣቷ ትንሽ ቆመ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር። ሁለተኛ ጊዜ ገደልኳት።»

«እኔ ነኝ አልሞተችም ያልኩት» አለች ዶክተሯ። «ስለፈለግኩት ነው ያመንኩት።»

ጋሼ ከሥራ አልተባረረም። ከተራራው ግን ወረደ፤ በር ላይ አስቀመጡት። ለሰው ሲያስረዳ «እግሬ አርጅቷል» ይላል። አሮጊቷን ፈልጎ አገኛትና ፍልጥ እንጨት በራሱ ትከሻ ተሸክሞ በሯ ላይ ጥሎላት መጣ፤ ምን እንዳለችው ለማንም አልተናገረም። እህቱንም አላሰናበቷት። አሁን ፖስታዎቹ በቁልፍ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ የደረት ኪሷም ተሰፍቶ ተዘግቷል። ሳጥኑን ስትከፍት ፖስታ ይጣበቅባታል፤ ታማርራለች፤ ግን አትነካውም።

ይቆይ የተባለው ነገር አልቆየም። አንድ ደመናማ ጠዋት ትልቅ መኪና የእንጨት ሳጥኖች ጭኖ መጣ። በሳጥኖቹ ክፍተት ትንፋሽ እንደ ጭስ ይወጣል። በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ጋሼ ነበር። መኪናው በአጠገቡ ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ አንዷ ፍየል በስንጥቁ አየችውና ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

የትራሱ ሱፍ እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀረ። ዶክተሯ ከድሮው ጥቂት ፀጉር ያልተገኘውን የአንድ ቀንዷን ሙሉ ጽሑፍ ከዚያ ሱፍ አውጥታ ከቀሩት ጋር ስታስተያይ ሁለት ወጣት ፍየሎች ልጆቿ ሆነው ተገኙ። በዚያ ብርድ ከሥሯ የነበሩ፣ ማንም እናታቸውን ያላወቀላቸው። ዶክተሯ ይህን ስትነግራት ፀጉር ለቃሚዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ በዚያው ሳምንት የሷም ልጅ ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር።

ባዶውን የትራስ ጨርቅ አጥባ ጥጥ ሞላችው። ሚጣ ጆሮዋን ለጥፋ ብዙ ጊዜ አዳመጠች። «የለችም» አለች በመጨረሻ። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚወስዳት በእናቷ ክንድ ላይ ብቻ ነበር።

ጋሼ አሁን ይተኛል። ድንጋዩ ይንኳኳ እንደሆነ ሲጠይቁት «ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል» ነው የሚለው።

እሷ ግን እስከ ዛሬ፣ ጭጋጉ ሲወርድ፣ ከኋላዋ ኮቴ ትሰማለች። ስትቆም ይቆማል። የዱሮው ኮቴ የአንድ ፍየል ነበር፤ የአሁኑ የሁለት ይመስላታል። ለማንም አልተናገረችም፤ ለዶክተሯም ቢሆን። ዞር ብላ ማየትም ትታለች። ሳጥኗን ትከፍታለች፣ ወረንጦዋን በእሳት ለብለብ ታደርጋለች፣ እሾሁ ላይ ያለውን ትነቅላለች፤ ከዚያም ኮቴው ቀድሟት እንዲያልፍ ትንሽ ቆም ብላ ትጠብቃለች።